ዋስ የሆነኝ ጓጉንቸር

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች የጡረታ ሽኝት አደረጉልኝ። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ጋቢ አለበሱኝ። በሰኔ ብርድ ጋቢ መሸለም ደስ ይላል፤ የአሰላን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ኃላፊያችን ተነሣና፣ «ጋሽ መኮንን የታማኝነት ተምሳሌት ናቸው። ገና በጎረምሳነታቸው በር ተቆልፎባቸው፣ የሚሰብርላቸው ሰው ቆሞ፣ አይሰበርም ያሉ ሰው ናቸው!» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ይህችን ታሪክ ከተማው ሁሉ ያውቃታል። አንድ የባጃጅ ሾፌርማ የሌላ ሰው ታሪክ መስሎት ለራሴው አውርቶልኛል፤ እኔም «አይ ሰው!» እያልኩ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

የእኔን ግምጃ ቤት የምትረከበው ሐያት የምትባል ልጅ ናት። ተመርቃ ከወጣች ወዲህ «ልምድ አምጪ» እየተባለች ያላንኳኳችው በር የለም፤ ይህ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። እሷ ነች ከኋላ ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ያለ ልምድ የመጀመሪያ ሥራዎን እንዴት አገኙት?» ብላ የጠየቀችኝ። ምን እንደመለስኩላት በኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ነገሩን እንደሆነው ላውራ፤ እንደሚወራው ሳይሆን።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ ያልመጣልኝ ጊዜ ነው። ሞባይል የሚባል ነገር ገና አልገባም። በየቀኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር እቆማለሁ። ሁሉም መጨረሻው ላይ «የሥራ ልምድ» ይላል። ለጽሕፈት ልምድ፣ ለሒሳብ ልምድ፣ ለጥበቃ እንኳ ልምድ! በር ላይ ለመቀመጥ ልምድ? ወይ ጉድ! ደግሞ የአሰላ አስፋልት አንድ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ስትወርድ የሚያውቅህ ሰው አይታጣም። «ሥራ ያዝክ ወይ?» ይልሃል አንዱ። «እስካሁን?» ትልሃለች ሌላዋ። ውሎ ሲያድር ሰው ሸሽቼ በባሕር ዛፉ ውስጥ ለውስጥ መሄድ ጀመርኩ። ቤትም ስገባ አባቴ የስፌት መኪናውን አቁሞ ቀና ብሎ ያየኛል እንጂ ምንም አይልም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ እህል ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። ከከተማው መውጫ ላይ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነበራቸው። «ልምድ አልጠይቅህም፤ ጆንያ መቁጠር ምን ልምድ አለው?» ሲሉኝ እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። «ዋስ ግን አምጣ» አሉ።

ዋስ እንግዲህ ደመወዝተኛ ወይም የቤት ካርታ ያለው ሰው ሆኖ፣ «ቢጎድል እኔ አለሁ» ብሎ የሚፈርም ነው። አባቴ የሚኖረው በቀበሌ ቤት ነው፤ ደመወዝም የለው። አጎቴ ግን አስተማሪ ነው። አባቴ ባርኔጣውን አድርጎ ሄዶ ለመነው። አጎቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልጁን እንደ ዓይኔ አምነዋለሁ፤ ዘመኑን ነው የማላምነው።»

ይህንኑ ተመልሼ ስነግራቸው ጋሽ ደምሴ አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡና፣ «እንግዲያው ጓጉንቸሩ ዋስህ ይሁን» አሉ። ጠዋት እኔ እገባለሁ፤ እሳቸው ከውጭ ይቆልፋሉ። ለምሳ ይከፍቱልኛል፣ ስመለስ ይቆልፉብኛል። አመሻሽ ላይ ኪሴን ዳብሰው ይሸኙኛል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! እኔ ግን እሺ አልኩ። ሌላ ምን ነበረኝ?

ውስጡ ጨለማ ነው። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የምትገባው ብርሃን ከጆንያ ጆንያ እየተሳበች ሰዓቱን ትነግረኛለች። የጭላሎ ተራራ ብርድ ከሲሚንቶው ወለል በእግሬ ይገባል። የስንዴ አቧራ አፍንጫዬን ደፍኖኝ የተቀደደ ጆንያ በትልቅ መርፌ ስሰፋ እውላለሁ። ሽንት ቤትስ አትበሉኝ። ያን ሁሉ እህል ተደግፌ ሆዴ ይጮሃል፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሻይ የሚሸጡ አዴ ዘይነባ የሚባሉ ሴት ነበሩ። እግዜር ይስጣቸው፣ አንዳንድ ቀን ጩኮ በወረቀት ጠቅልለው በበሩ ስንጥቅ ያሾልኩልኛል። ያ የገብስና የቅቤ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። «ብላ ልጄ፣ አይዞህ» ይላሉ፤ ከዚያ በኦሮምኛ ጋሽ ደምሴን ይረግማሉ። የሠፈር ልጆች በዚያ ሲያልፉ ግን ትንፋሼን ይዤ ዝም እላለሁ። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ንግድ ቤት ገብቷል» ብላ ነበርና።

ታኅሣሥ ላይ፣ አዝመራው ገብቶ መጋዘኑ እስከ ጣሪያ በሞላበት ሰሞን፣ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። የመንገድ ቀያሽ ረዳት ሆነው የሚሠለጥኑ ወጣቶች ይፈለጋሉ፤ የሥራ ልምድ አይጠየቅም። ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አነበብኩት። ቀያሾችን አውቃቸዋለሁ። ባለሦስት እግር መነጽራቸውን ተክለው፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ተሸክመው፣ በስንዴው መሃል ሲሄዱ አይቼ ቀንቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ደጅ! ተመዘገብኩ። ፈተናው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ለጋሽ ደምሴ ስነግራቸው፣ «ሂድ እንጂ፣ ማን ይይዝሃል?» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው።

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ ግን ቤታችን ድረስ መጡ። ከጎበሳ ከተማ የስንዴ ጭነት ገብቷል። «አስወርደህ ትሄዳለህ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እለቅሃለሁ» አሉ። ንጹሕ ሸሚዜን ከካፖርቴ ሥር ለበስኩ፣ እስክሪብቶዬን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ጭነቱ ወረደ፣ ተደረደረ። የመጨረሻውን ጆንያ ሳስተካክል በሩ ተዘጋ። ጋሽ ደምሴ እጃቸው ለምዶ ቆልፈውብኝ ኖሯል። ጮህኩ፤ የመኪናው ሞተር ድምፄን ዋጠው። ለካ ሾፌሩ፣ «ጎበሳ የቀረውን ስንዴ ሌላ ነጋዴ ሊያነሣው ነው» ብሏቸው፣ እኔን ረስተው አብረውት ከንፈዋል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

መጀመሪያ አሁን ይመለሳሉ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ መንጎራደድ፣ ከዚያ በሩን በጡጫ መደብደብ ጀመርኩ። ወደ ፈተናው የሚሄዱ ልጆች እየተሳሳቁ ሲያልፉ ይሰማኛል፤ የክፍል ጓደኛዬ የግርማ ሳቅ ከመሃላቸው አለ።

ጭነቱን ያወረዱት ወዛደሮች አለቃ ከድር ጩኸቴን ሰምቶ መጣ። «ማል ታኤ? ምን ሆንክ?» አለኝ በስንጥቁ። ነገርኩት። ሮጦ ሄዶ ዲጂኖ ይዞ ተመለሰ። «በአንድ ምት ነው የምጥለው። አንተ ብቻ በል በለኝ።»

ጋሽ ደምሴ መጥተው «አንድ ጆንያ ጎድሏል» ሲሉ ታየኝ። «አንተ የት ነበርክ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? ዋሴ ማን ነው? የተሰበረ ብረት። አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ሲቆም ታየኝ።

«ምን ትፈራለህ?» አሉ አዴ ዘይነባ። በርጩማቸውን ይዘው መጥተዋል። «እኔ እዚህ በሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። ወላሂ አንዲት ፍሬ አትወጣም። ዋስህ እኔ ነኝ፤ ሂድ!»

እስቲ አስቡት። የገዛ አጎቴ የነፈገኝን ቃል ሻይ ሻጯ አዴ ዘይነባ መንገድ ዳር ቆመው ሰጡኝ። ያን ጊዜ መውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን፣ «ተዉ፣ አይሰበር» አልኩ።

«ለፈተናህ ነው እኮ!» አለ ከድር።

«አይሰበር!» ብዬ ጮህኩበት።

ዲጂኖውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ «ወንድ መስለኸኝ ነበር» ብሎኝ ሄደ። አዴ ዘይነባም በርጩማቸውን አንሥተው ወደ ሻያቸው ተመለሱ፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ሰዓቱ ሲያልፍ ጆንያ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጋሽ ደምሴ ከቀትር በኋላ አቧራ ለብሰው መጡ። ከፍተው ሲያዩኝ፣ «ውይ ፈተናው! ውይ የኔ ነገር!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ቀጥለው ዲጂኖውን አዩ፤ ያልተነካውን ጓጉንቸር አዩ። ጭነት ለማውረድ የተመለሰው ከድር የሆነውን በንቀት ነገራቸው። እሳቸው ግን የሰሙት ሌላ ነው። ቁልፉን ከቀለበቱ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡና፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጋ ይሁን። እንዳንተ ያለ ታማኝ አላየሁም» አሉኝ።

በዚያው ተወራ። አባቴ ልብስ ለማሰፋት ለመጣ ሁሉ ተረከው። እናቴ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አለች። አጎቴም «እኔ ድሮም ብያለሁ» አለ፤ አይ አጎቴ! ከዚያ ወዲህ ዋስ አምጣ ያለኝ የለም። ከነጋዴ ወደ ማኅበር፣ ከማኅበር ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት፣ «ታማኙ መኮንን ይምጣልን» እያሉ ሲቀባበሉኝ ይኸው ጡረታ ደረስኩ። ልጆቼን አሳድጌበታለሁ፤ እንጀራዬን አላማርርም። ግን ሌላ ነገር ልሞክር ባልኩ ቁጥር «አንተን የመሰለ ታማኝ ንብረት ጠባቂ?» እያሉ ይመልሱኛል፤ እኔም እመለሳለሁ። ግርማ ፈተናውን አልፎ ቀያሽ ሆነ። አንዳንዴ ከአቦምሳ ቆላ ፊቱ ጠቁሮ፣ ጫማው በአቧራ ነጥቶ ይመጣና ያየውን አገር ያወራልኛል። ደስ እያለኝ እሰማዋለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ያንገበግበኛል።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ቀን የቀረሁት ታማኝ ስለሆንኩ አይደለም። ስለ ጋሽ ደምሴ ስንዴ አንድም አላሰብኩም። ፈርቼ ነው። ሰው ፍርሃቴን አንሥቶ ታማኝነት የሚል ስም ሰጠው፤ ስሙም ጥሩ ነበርና ተሸክሜው ኖርኩ።

ሐያት ስትጠይቀኝ ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ጋቢው ትከሻዬ ላይ ነው፤ ኃላፊው ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። «ልጆቼ፣ ታማኝነት ከልምድ ይበልጣል» አልኩና ተቀመጥኩ። አጨበጨቡልኝ።

ሰው ተበትኖ ልወጣ ስል ሐያት ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ግን ያን ቀን መውጣት አልፈለጉም ነበር?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዘመን ሲያወሩልኝና ሲያደንቁኝ አንድም ሰው ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።

«ፈልጌ ነበር፣ ልጄ» አልኳት። «ፈርቼ ነው የቀረሁት።»

«እኔም እኮ ይህን ሥራ የያዝኩት ፈርቼ ነው» አለች። «የምፈልገው ሌላ ነበር።»

«እንግዲያው ብዙ እንዳትቆዪ» አልኳት።