ሳትወድቅ «እኔን»

የልጅ ልጄን ጎማ ባለው ጣውላ ላይ ቆማ ያየኋት ቀን ከቤት የወጣሁት ጎመን ልገዛ ነበር። ቤት መዋል አልችልበትም። ጎመን ብዬ እወጣለሁ፤ የታመመ ልጠይቅ ብዬ አልፋለሁ፤ አንዳንዴም ከሚኒባስ ረዳት ጋር ወሬ ስጀምር ተበላ ከተማ ደርሼ እገኛለሁ። እናቷ ቢሮ ስለምትውል ይህችን ልጅ ጡት ከተወች ጀምሮ ይዣት ነበር የምዞረው። የሁምቦ ቆላ ፀሐይ ሲበረታባት በነጠላዬ እሸፍናት ነበር። አሁን ቁመቷ በልጦኝ የራሷን መንገድ ጀምራለች።

ጣውላውን አጎቷ ነው ከሐዋሳ ያመጣላት። ስኬትቦርድ ይባላል፤ እኔ ጋሪው እላለሁ። ኮብልስቶን ላይ አይሆንም፣ ጎማው ስንጥቁ ውስጥ ይቀረቀራል። ስለዚህ የምትለማመደው ቸርቻችን ግቢ ነው፤ ሲሚንቶ ነው፣ ወደ በሩ ሲደርስ ትንሽ ያዘቀዝቃል።

መጀመሪያ የትኛው እግር ፊት እንደሚሆን መታወቅ አለበት አለችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«እምዬ፣ ሳላስበው ከኋላ ግፊኝ። ቀድሞ የተራመደው እግር እሱ ነው የፊቱ።»

«አንቺን? እንዴት አድርጌ?»

«በእጅሽ!»

እጄን ጀርባዋ ላይ አሳርፌ ዳበስኳት።

«ይሄ እኮ ማባበል ነው!» ብላ ዞራ እኔኑ ገፋችኝ። ቀኜ ቀደመ። «አየሽ? አንቺ ቀኝ ነሽ።» በስንት ልመና በጣቴ ጫፍ ነካ ባደርጋት የእሷ ግራ ሆነ።

ግራ እግሯን ከፊተኞቹ ብሎኖች ላይ ታሳርፋለች፤ በቀኟ መሬቱን ትገፋለች፤ ከዚያ ቀኟንም አውጥታ ጉልበቷን ታጥፋለች። እግሯ ከመሬት በተነሳ ቁጥር የኔ ልብ አብሮ ይነሳል። «እኔን!» እላለሁ። ቤታችን የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ ይህችን ቃል ግን ከሶዶ ገበያ ከለመድኳት ወዲህ ከአፌ ተለይታ አታውቅም። ሰው ሲደናቀፍ እኔን፣ ሸክም ሲያዘነብል እኔን። ልጅቷ ስትሰማኝ ፊቷን ወደኔ ትመልሳለች፤ ስትመልስ ትወድቃለች።

«እምዬ፣ ሳልወድቅ ለምን ትያለሽ? ስትዪ እኮ ነው የምወድቀው!»

«በአንቺ ፈንታ እኔ ልውደቅ ማለቴ ነው።»

«ነያ ታዲያ፣ ውጪና ውደቂ!»

ከበሩ ማዶ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ስኳር መመዘኑን ትቶ፣ «እማማ፣ በዚህ ሁምቦ ሊወርዱ ነው? እኔም ዕቃ ልጫንልዎት?» አለኝ።

«ጫን፤ ፍሬን ግን የለውም» አልኩት።

ቤት ገብተን ክርኗን እየታጠበች፣ «ነገ ብቻዬን ነው የምሄደው። አትምጪ» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። እኔ ግን እራቴን ትቼ ተነሳሁ። ያን ሁሉ አገር አብረን ስንዞር አንድ ቀን አትምጪ ብላኝ አታውቅም።

ጠዋት ጫማዋን ስታስር አጠገቧ ቆምኩ።

«ዝም ካልኩስ ልምጣ?»

«አንቺ? ዝም?»

«ዝም።»

«እሺ። አንድ ቃል ካመለጠሽ ግን ወደ ቤት።»

ከግቢው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። የዳሞታ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ነበር፤ እሱም ዝም ብሏል። ልጅቷ ገፋች፣ ደገመች፣ ወጣች። ክንዶቿን ከአጥር ላይ እንደምትዘል ዶሮ ዘርግታ በፊቴ አለፈች፤ ነፋሷ ጉንጬን ነካኝ። ማንንም ሳትይዝ! ደስታዬን እንኳ ዋጥኩት። ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ ፈጠነባት። አንድ እግሯን አውርዳ መሬቱን እየጎተተች መቆም ነበረባት፤ ዘገየች። «እኔን» ጥርሴ ላይ ደረሰች። ነጠላዬን አጥብቄ ነከስኩ።

በዳሌዋ ወደቀች። ጋሪው ብቻውን ሄዶ ከበሩ ጋር ተላተመ።

ዝም አልኩ። መዳፏን አየች። ጠበቀች። ከዚያ ወደኔ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እምዬ!»

ዝም።

«እምዬ፣ ምነው? ወድቄያለሁ እኮ!»

«ዝም በይ ብለሽኝ…» አልኩ በነጠላው ውስጥ።

«ከወደቅኩማ በኋላ በይ እንጂ!»

ነጠላውን ከአፌ አወጣሁት። ከጠዋት ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ተከታትሎ ወጣ። «እኔን! እኔን! እኔን ድፍት ያድርገኝ!» እያልኩ ሄጄ መዳፏን እፍ አልኩላት። እያለቀሰች ሳቀች። ባለሱቁም ከማዶ፣ «እኔን!» አለ፤ ይኼን ያህል ጊዜ እሱም አፍኖት ኖሯል።

ተነስታ ጋሪዋን አመጣች። ግራ እግሯን ብሎኖቹ ላይ አሳርፋ ወደኔ ዞረችና ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«ገና አልወደቅኩም።»

ነጠላዬን መልሼ ነከስኩ።