«ለጊዜው» ተብላ የተዘጋች መስመር

በፋብሪካው ስሙን የሚያውቅ የለም፤ «አለቀ» ነው የሚሉት። ፕሮግራም ጻፍልን ሲሉት ገና ወንበር ሳይስብ «አለቀ!» ስለሚል ነው። እናቱም «የልጄ ጣት ይሮጣል» እያሉ ጎረቤት ያሰለቻሉ። መሮጥ ሙያ ከሆነማ ፈረስም ፕሮግራመር ነው!

የቆርቆሮ ፕሬሱ ግራና ቀኝ ሁለት ቁልፍ አለው። ሠራተኛው በሁለት እጁ ካልተጫናቸው አይወርድም፤ እጅ ከብረቱ ሥር እንዳይቀር። አለቀ ፕሮግራሙን ሲያድስ ብቻውን ነበር፤ አንድ እጁ ኪቦርድ ላይ ስለሆነ ሁለቱን መጫን አልቻለም። የቀኙን ቁልፍ የምትጠብቀውን የፕሮግራም መስመር «ለጊዜው» ብሎ ዘጋት። ሳይከፍታት «አለቀ!» ብሎ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ፕሬሱ በግራው ቁልፍ ብቻ ወርዶ የአንዱን ሠራተኛ አራት ጣት ጨፈለቀ።

አለቀ ጩኸቱን ሰምቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት መስመሯን አየ። ሥራ አስኪያጁ በጆሮው «ማሽኑ አርጅቷል በል» አለው። እሱ ግን ሠራተኛው ሁሉ ፊት ወጥቶ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

የተጎጂው ታላቅ ወንድም እዚያው ፋብሪካ በያጅ ነው። በመፍቻ አፉን ሲለው ሁለት ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሌሎቹም በእርግጫ ተረባረቡበት።

«ግደሉኝ!» ሲል ጮኸ አለቀ። «መጀመሪያ ግን ሁለተኛውን ፕሬስ አጥፉ! ፕሮግራሙ አንድ ነው!»

አንዱ ሮጦ አጠፋው። በያጁ አለቀን በኮሌታው ጎትቶ ኮምፒውተሩ ፊት ጣለው።

«አስተካክል!»

ደሙ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ መስመሯን ከፈታት። ሁለቴ አነበባት።

«አሁን ልሞክረው» አለ።

«እኔ እሞክርልሃለሁ!» በያጁ የአለቀን የእጅ አንጓ ጨምድዶ እጁን ከብረቱ ሥር ከተተና የግራውን ቁልፍ በቡጢ መታው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። ፕሬሱ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ መታው። «ውረድ! የሱንም ብላ!» እያለ፣ እንባው እየወረደ ደጋግሞ ደበደበው። በመጨረሻ ደክሞት የያዘውን አንጓ ለቀቀ።

አለቀ ግን እጁን ከብረቱ ሥር አላወጣም።

«ጋሼ» አለ በተሰነጠቀ ከንፈሩ፣ «የሞከሩት የግራውን ብቻ ነው። የቀኙንም ለብቻው ይጫኑት።»