ሰም ያልነካው ክር

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች መጽሔት ጽሑፍ ላኪ ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ። እኛን የመካነ ሰላም ሰዎች ማን ጠይቆን ያውቃል! ርዕስ ለመምረጥም አልተቸገርኩም። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የተቀዳደደ መጽሐፍ አይጣልም፤ በወስፌ ተበስቶ ይሰፋል።

ስፌቱን ያስተማሩኝ ከእኔ በፊት ቤተ መጻሕፍቱን የያዙት ሽማግሌ ናቸው። መጽሐፍ መጠረዝ የተማሩት በልጅነታቸው፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። ጡረታ ሲወጡ ወስፌያቸውን ለእኔ ትተው ሄዱ። በጽሑፌ ውስጥ ግን እሳቸው አልነበሩም። መጽሔቱ «ምንጭ ይጠቀስ» ይላል፤ የታተመ ምንጭ ስላልነበረኝ «በሥራ ልምዴ ያዳበርኩት ዘዴ» ብዬ አለፍኩ። እውነቱን ለመናገር፣ አባባሉ ደስ ብሎኝም ነበር።

ከመላኬ በፊት ላሳያቸው ቤታቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟልና አንብቢልኝ አሉኝ። የሠራሁት ሥራ የገባኝ ማንበብ ስጀምር ነው። «ያዳበርኩት» የምትለው ጋ ስደርስ ድምፄ አነሰ። እሳቸው አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሰሙን ረሳሽው፣ ልጄ» አሉኝ። «ክሩን አስቀድሞ ሰም ካልነካው ወረቀቱን እየበላ ይሄዳል። ሌላው ደግ ነው።»

ሌላው ደግ ነው! ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቶቹን ማጣጠፍ ጀመርኩ። ስለ ሰሙ ያዘንኩ መስሏቸው «አብሽሪ፣ የሚጨመረው አንድ መስመር ነው» አሉኝ።

ጽሑፉን እንደ አዲስ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በስማቸው ጀመረ፤ ምንጭ በሚለው ሥርም እሳቸውን አስገባሁ። አዘጋጆቹ የሽማግሌው ሥራ የት እንደታተመ ሲጠይቁኝ፣ አልታተመም፤ መደርደሪያዎቻችን ላይ ግን አለ፣ መጥታችሁ እዩት አልኳቸው። እሺ አሉኝ።

መጽሔቱ በሚኒባስ ተልኮልኝ ሲደርስ ቀጥታ ወደ እሳቸው ይዤው ሄድኩ። ስማቸው ያለበትን ቦታ ሁለቴ አስነበቡኝ። ሁለተኛው ላይ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አይቼ ወደ በሩ ዞርኩ። ከዚያ መጽሔቱን ተቀብለው ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱ። በሁለት ሽቦ ብቻ የተያዘ ነበር።

«ይኼማ ዝጎ ይበጠሳል» አሉ። ሽቦውን እንድነቅል፣ መርፌ ላይም ክር እንዳስገባላቸው ጠየቁኝ። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀዳዳውን በጣታቸው እየፈለጉ ሰፉት።

ክሩን ሰም የቀባሁት እኔ ነኝ።