እሳቸው እንዳይሰሙ የሞላነው ፎርም

የታመመ ሰው ወዳለበት ክፍል ስትገቡ ወሬው ድንገት ተቆርጦ ሁሉም ስለ ዝናብ ማውራት ሲጀምር ገጥሟችሁ ያውቃል? ምናልባትም የዝናቡን ወሬ የጀመራችሁት እናንተ ትሆናላችሁ። እኔ ጀምሬያለሁ። ሀርጌሳ ውስጥ፣ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ፣ ለሳምንታት ስለ ዝናብ አውርቻለሁ።

ያኔ ከተማዋ ከጦርነቱ በኋላ ጣሪያዋን እንደገና እያለበሰች ነበር። እኔ ኮድቡር በሚባለው ሰፈር የኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ልጆች አስተምር ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ጠመኔ ከእጄ፣ ማብራሪያ ከአፌ አይጠፋም። በተከራየሁበት ግቢ አንዲት የወሎ ሴት፣ ልብስ ሰፊ፣ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እሳቸውን እትዬ እላቸዋለሁ። ወንድምየው አናጺ ነው፤ ግማሹ ከተማ በር ስላልነበረው እጁ ሥራ አይፈታም።

እትዬ ጡታቸው ላይ እብጠት ወጣባቸው። ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወንድምየውን ብቻ ወደ ክፍሉ ጠርቶ የጡት ነቀርሳ መሆኑን ነገረው። እትዬ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። ወንድምየውም በአገራችን ደንብ የሰማውን ለጎረቤት ሁሉ ነገረ፤ ለእህቱ ግን "ብርድ ነው" አላቸው። የእኛ ሰው በስሙ ለማይጠራው በሽታ ሁሉ ብርድ የሚባል መጠለያ አለው።

ሐኪሙ አንድ ተስፋም ሰጥቶት ነበር። ናይሮቢ የሚገኝ አንድ ሆስፒታል ለዚህ ዓይነቱ ነቀርሳ ገና ገበያ ያልወጣ መድኃኒት እየሞከረ ነው፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ፎርም ይሞላ። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ስለነበር ወደ እኔ መጣ። ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ። ጎረቤቱን ሰብስቤ የግቢው ግድግዳ ላይ በጠመኔ እየሣልኩ አስረዳሁ።

"ግማሾቹ አዲሱን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ግማሾቹ የተለመደውን። ማን የትኛውን እንደወሰደ በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቁም።"

"ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?" አለች ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን።

"የተቆለፈበት መዝገብ።"

"ኧረ አላህ ያውቃል በለኝና ልረፍ!"

ሳስበው የእኛ ግቢ ጥናት ከእነሱ የረቀቀ ነበር። ሐኪሙ ያውቃል፣ ወንድምየው ያውቃል፣ መምህሩ ያውቃል፣ ባለሱቁና ደንበኞቹ ያውቃሉ። የማያውቁት በሽተኛዋ ብቻ ናቸው።

ፎርሙ ግን ለዚህ ረቂቅነታችን ቦታ አልተወም። "ስለ በሽታዬና ስለ መድኃኒቱ ተነግሮኝ፣ ገብቶኝ፣ በፈቃዴ ፈርሜያለሁ" ይላል።

"እኔ እፈርማለኋ" አለ ወንድምየው። "ወንድሟ አይደለሁ?"

"ራሳቸው ተነግሯቸው ነው የሚለው።"

"እሺ ቲቸር፣ አንተ ንገራት! በድንጋጤ ስትሞት ደግሞ የትኛው መስመር ላይ እንደምትጽፈው አያለሁ።"

እሱ ፈረመ። እኔ ደግሞ በጥሩ ጽሕፈቴ "ቤተሰቡ በእርሳቸው ፈንታ ተረድቷል" ብዬ ጨመርኩበት። ከስልክ ቤት በፋክስ ላክነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ በሽተኛዋ ራሳቸው ይፈርሙ።

ያን ጊዜ የተሻለ ዘዴ አፈለቅኩ። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ለይቼ "የጉዞ ወረቀት ነው" ብዬ ለእትዬ ሰጠኋቸው። የስፌት መኪናቸውን አቆሙ፤ ወረቀቱን ሳይሆን ፊቴን አይተው ፈረሙ። ወዴት እንደሚጓዙ እንኳ አልጠየቁኝም። እኔም አልጠረጠርኩም፤ መምህር ዝም ያለ ተማሪ ሲያይ ገብቶታል ብሎ ያልፋል።

ገጹን በፋክስ ላክን። ሌላ ሳምንት አልፎ ሁለተኛው መልስ መጣ፤ ከራሳቸው አንደበት እንስማ፣ ሐሙስ እንደውላለን። ለማስተርጎም ተዘጋጀሁ። ነቀርሳ ሲሉ እብጠት፣ ሙከራ ሲሉ ሕክምና እንድል ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ።

ሐሙስ ሦስታችን ስልክ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥን። ከስልኩ ማጉያ የወጣው ድምፅ ግን አማርኛ ነበር። ሆስፒታሉ የራሱን አስተርጓሚ አምጥቷል። ደብተሬን አጠፍኩ።

"እናቴ፣ ያለብዎት ሕመም ምን እንደሆነ ያውቃሉ?"

ወንድምየው ዓይኑን ጨፈነ።

"የጡት ነቀርሳ ነው" አሉ እትዬ።

"ማን ነገረዎት?"

"ሐኪሙ ለወንድሜ ሲነግረው ሰማሁ። ክፍሉ መጋረጃ እንጂ በር የለውም። በሩን ሠርቶ እንዲገጥም የታዘዘው ይሄው ወንድሜ ነው፤ እስከ ዛሬ አልገጠመውም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"እነዚህ ልጆች ደንግጠውብኝ ነበር። ብርድ ነው ሲሉኝ እሺ አልኩ፤ ጋቢ ሁሉ ደረብኩላቸው።"

"ስለ ሙከራውስ?"

"ቲቸር ለግቢው ሲያስረዳ በመስኮት ሰምቻለሁ። ዕጣ ነው፤ አዲሱም ሊደርሰኝ ይችላል፣ የቆየውም። አላህ ይጠብቀው፣ በደንብ ያስረዳል። ያላስረዳው ለእኔ ብቻ ነው።"

አስተርጓሚዋ የመጨረሻው ቦታ ባለፈው ሳምንት መያዙን ነገረችን። የመጀመሪያው ፎርም በእትዬ እጅ ተፈርሞ ቢደርስ ኖሮ ይገቡ ነበር።

አንድ ሌላ መንገድ ቀርቶ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከሙከራው ውጭ እንዲሰጣቸው አምራቹን ይጠይቃል፤ አምራቹም ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ይህም ፎርም አለው። በዚህኛው ግን እትዬ አጠገቤ ተቀመጡ።

"ከላይ ጀምር፤ አንድም እንዳትዘል።"

መድኃኒቱ ስለሚያስከትለው ጉዳት ስደርስ ድምፄ ወረደ።

"ጮክ በል እንጂ! ተማሪዎችህ ፊትም እንዲህ ነው የምታነበው?"

ፀጉር ያረግፋል የሚለውን ሲሰሙ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ሳቁ። ጣት ያደነዝዛል የሚለውን ግን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ መርፌ የለመደ እጃቸውን ዘርግተው አዩትና ፈረሙ።

ፈቃዱ ከሦስት ወር በኋላ መጣ። ወደ ናይሮቢ ሲሄዱ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘናቸው። ተመልሰው ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ጣታቸው እየደነዘዘም የተማሪዎቼን ዩኒፎርም ሰፉ። ከቀብራቸው በኋላ ሐኪሙን አገኘሁትና ሦስት ወር ቀድመው ጀምረው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ጠየቅኩት። እሱም የእኛን ልማድ ተምሮ ኖሯል መሰለኝ፣ ስለ ዝናቡ አወራኝ።

እናንተም ቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ፣ ዛሬ ግቡና ዝናቡን ተዉት። "ምን ምን ታውቂያለሽ? ምንስ ትፈልጊያለሽ?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ እንደ እኔ ላለ ሰው ከባድ ነው። እናንተ ግን እስቲ ሞክሩት።