ከጫማ የበቀለ ወይን

እህቴ የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ከሰው ቆዳና ጥፍር የተወሰደ ፈንገስ ስታበቅል፣ በቀለም ስትነክር፣ በማይክሮስኮፕ ፎቶ ስታነሳ ኖራለች። ባሏ ጥሏት ሲሄድ፣ "ሻጋታ ላይ ተደፍተሽ የምትውዪ ሴት ውበት ከየት ታውቂያለሽ?" ብሏት ወጣ። የሄደው ቤት ማስዋብ ሥራዋ ወደሆነች ሴት ነው። እኔ ታናሿ በእሷ ቦታ ብሆን ልብሱን መንገድ ላይ በበተንኩለት ነበር። እሷ ዝም አለች። የእሷ ዝምታ ከእኔ ጩኸት ይከፋል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አሮጌ ጫማውን ትቶ ሄዶ ነበር። የእግሩ ጣቶች መካከል ሁሌም እንደተላላጠ ነው፤ መድኃኒት ተቀባ ስትለው "የወንድ እግር ነው" ይላት ነበር። የጫማውን ውስጥ ፋቀችና ማብቀያ ሳህን ላይ ዘራችው። ሲበቅል በሰማያዊ ቀለም ነክራ በማይክሮስኮፕ ፎቶ አነሳችው። አስቀያሚ ነገር አግኝታ ልትስቅበት ነበር ሐሳቧ። ምን ዋጋ አለው፣ እንደ ወይን ዘለላ የተንዠረገገ፣ ሐረጉ የተጠማዘዘ፣ ታይቶ የማይጠገብ ነገር ወጣ። "እዚህም አሸነፈኝ" ብላ በንዴት አለቀሰች። ግን ቆንጆ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም፤ ብርሃኑን እያስተካከለች ደጋግማ አነሳችው።

ሆስፒታሉ የፎቶ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ ያለ ስምና ያለ ርዕስ ሰጠችው። ሲያልቅ ፎቶዎቹ ለወደዳቸው ታደሉ፤ የእህቴን ኤግዚቢሽኑን ልታይ የመጣችው አዲሷ ሚስት ወሰደችው።

ይህን ያወቅነው የእህቴ ልጅ ተመርቃ አባቷ ቤት ራት ስንጠራ ነው። የመመገቢያ ክፍሉ ጥግ ላይ፣ በወርቃማ ፍሬም፣ የሰውዬው የገዛ እግር ፈንገስ ተሰቅሏል። ውሃው ትን አለኝ። እሱ እየጎረሰ ለእንግዶቹ ያብራራል፤ ሚስቱ ዓይን አላት፣ እንዲህ ያለ ውበት መምረጥ ለሁሉ አይሰጥም ይላል። ነገሩን የሚወረውረው ለእህቴ ነበር። ደሜ ፈላ። ንገሪው ለማለት ከጠረጴዛው ሥር በእግሬ ጎሸምኳት።

ተነሥታ ሄደችና ፎቶውን ቀርባ አየችው።

"ያምራል" አለች። "ግን ጥግ ላይ ተደብቋል። ከወንበርህ ፊት ለፊት ብትሰቅለው ይሻላል።"

ሚስቱም ተስማማች፤ ሰውዬው ራሱ መዶሻ አምጥቶ አዛወረው።

መንገድ ላይ ለምን እንዳልነገረችው ጮኼ ጠየቅኳት።

"ከሥራዬ ሁሉ ያንን ፎቶ የሚያህል የለኝም" አለችኝ። "ብነግረው ያወርደዋል። ይልቅ ቁርሱንም ራቱንም እያየው ይብላ።"