የቀረው የት ሊሆን ይችላል?

መምህርት፣ ቅዳሜ ዕለት ከክፍል ወጥቼ ለምን እንደቀረሁ ጠይቀውኝ ነበር። «ራሴን አሞኝ ነው» አልኩዎት። ማመሙን አሞኝ ነበር። ግን ሕመሙ የመጣው ከሰሌዳው ነው። በዚያ ሽታው ከሩቅ በሚሰነፍጥ የማርከር ቀለም ‹ሜይ› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፉ። ስም ጠሩ። አንድ ልጅ ቀርቶ ነበርና «የት ሊሆን ይችላል? በ‹ሜይ› መልሱልኝ» አሉን። ከፊት የተቀመጠው ልጅ መለሰ። እርስዎም ፈገግ ብለው «ጥሩ። ሌላ?» አሉ።

እነዚያን ሁለት ቃላት በዚያው ቅደም ተከተል ከሰማሁ ብዙ ዘመን አልፏል። ከልጆቼ እኩዮች ጋር አንደኛ ዓመት የተቀመጥኩ ሴት ነኝና ሰበብ አበዛች እንዳይሉኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት።

ጊዜው ደርግ ነበር፤ እኔ ድሬዳዋ አሥረኛ ክፍል። የክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ስለነበር ከረፋዱ ጀምሮ ሙቀቱ ሲበረታ ይንጣጣል። ክፍሉ ጠመኔና ላብ፣ ልጆቹ በኪሳቸው ይዘው የሚገቡትን የበሰለ የዘይቱን ፍሬ ይሸታል። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ነጭ ስለነበር ከሰሌዳው ግማሹ አይታይም። የእንግሊዝኛ መምህራችን በዓመቱ አጋማሽ ድንገት መምጣት አቆመ። የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም።

በእሱ ቦታ ከመሀል አገር አንድ ወጣት ተላከልን። ቀጭን ነው። ድሬ በምትነድበት ወር እጀ ሙሉ ሸሚዝ ለብሶ እስከ አንገቱ ይቆልፋል። «ከሥሩ ሽጉጥ አለው» አለ አንዱ። ነገሩን ያከረረው ግን ከአጠገቤ የሚቀመጠው የባለሱቁ ልጅ ነው። ቤታቸው ሶማሊኛ ይናገራሉ፤ እሱ ግን በሦስት ቋንቋ ይቀልዳል።

«ወላሂ፣ ጠዋት ከቀበሌው ሊቀመንበር ግቢ ሲወጣ አየሁት። ጥርሱን እየፋቀ!»

«ጥርሱን ቢፍቅ ምን አለበት?» አለችው የክፍል አለቃችን።

«አቦ፣ ለጥየቃ የሄደ ሰው እየፋቀ ይወጣል እንዴ? እዚያ ነው የሚያድር!»

እውነትም እዚያ ክፍል ተከራይቶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህሩ ገና በሩን ሳያልፍ ወሬያችን ይቆም ጀመር።

‹ሜይ›ን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ‹ቲቸር፣ ሜይ አይ ጎ አውት?› ሳይል ሽንት ቤት የሄደ ተማሪ አልነበረምና ለእኛ የፈቃድ ቃል ነበር። መምህሩ ግን ቃሉ ሌላም ሥራ አለው አለን፤ እርግጡን ሳናውቅ፣ ሊሆንም ላይሆንም ስለሚችል ነገር ስንናገር እንጠቀምበታለን። ከጎኑ ‹ማስት› ብሎ ጻፈና በጠመኔው ነካ ነካ አደረገው።

«ይህ እርግጠኛ ለሆነ ሰው ነው። ‹ማስት› ያለ ሰው ‹በምን አወቅህ?› ሲባል መልስ ሊኖረው ይገባል።»

‹በምን አወቅህ?› የሚለውን ጥያቄ የምናውቀው ከሰዋስው ትምህርት አልነበረም። አባቱ ቀበሌ ተጠርቶ የማያውቅ ልጅ በመካከላችን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የየጠዋቱ ሥራ ተጀመረ። ስም ይጠራል። የቀረ ካለ ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን ወደ ኋላ ያጣምርና «የት ሊሆን ይችላል?» ይላል። አንዱ ይመልሳል። «ጥሩ። ሌላ?» ሌላው ይመልሳል። «ጥሩ። ሌላ?» አንድ ቦታ ብቻ ተጠርቶ እንደሆነ ወደ ትምህርቱ አያልፍም።

በእረፍት ሰዓት ኒም ዛፉ ሥር ተሰበሰብን።

«እየለቀመ ነው» አለች የክፍል አለቃችን። «ማን የት እንዳለ በእንግሊዝኛ ያስለፈልፈናል፤ ማታ ለሊቀመንበሩ በአማርኛ ይነግረዋል።»

«ዋሪያ፣ ታዲያ ሰዉን ሁሉ ግመል ጋ እንላከዋ!» አለ የባለሱቁ ልጅ። «ግመል ማን ጠርቶ ይመረምረዋል?»

በማግስቱ የቀረችው በወባ የተያዘች ልጅ ነበረች። የባለሱቁ ልጅ ጣቱን እያንጣጣ ተነሣ፤ «ሺ ሜይ ቢ ዊዝ ዘ ካሜልስ፣ ቲቸር!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። «ጥሩ። ሌላ?» አለ። ከቁጣ ይልቅ ይህ አስፈራን።

በዚያው ሰሞን የወንድሜ ስም ለብሔራዊ ውትድርና ከቀበሌ ወጣ። ወንድሜ ከእኔ ይበልጣል፤ ግን ክፍል ደግሞ አብረን እንማር ነበር። ስሙ የወጣ ልጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ ነው። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚላክ ለእናት አይነገራትም። ከሰፈራችን የሄዱት ልጆች ሁርሶ ሳሉ እናቶቻቸው ስንቅ ይቋጥሩ ነበር፤ ኋላ መቋጠሩም ቀረ። እናቴ አንድ ልብስ አስይዛ ወንድሜን ሳቢያን ሰፈር አክስቴ ቤት፣ ከእህል ጆንያዎች ጀርባ አስቀመጠችው። እኔን ደግሞ አገጬን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦

«ማንም ቢጠይቅሽ ትንፍሽ እንዳትይ። በተለይ ያ የሊቀመንበሩ ተከራይ። ሰማሽኝ?»

«እሺ እማዬ።»

«ማርያምን በይ!»

«ማርያምን።»

በማግስቱ መምህሩ የወንድሜን ስም ጠራ። «ቀሪ» አለች የክፍል አለቃችን። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ጀምሪ።»

«ሂ ሜይ ቢ ሲክ።»

«ጥሩ። ሌላ?»

«ሂ ሜይ ቢ... አት ሆም።»

«ጥሩ። ሌላ?»

በልቤ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሳቢያን፣ ሳቢያን ይላል። አፌን ብከፍት የሚወጣው እሱ መሰለኝ። ከጎኔ ጣት ሲንጣጣ ሰማሁ። የባለሱቁ ልጅ ወንድሜን ገጠር ጀልዴሳ ላከልኝ። የክፍል አለቃችን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ አስጫወተችው። አንዱ ባቡር ጣቢያ አቆመው። መምህሩ ሁሉንም «ጥሩ» አለ። እኔ ግን እየተመለከትኩት ‹ይህ ሰው ከእኔ ካላገኘ አይተወኝም› እል ነበር። ወንድሜ በቀረበት ጠዋት ሁሉ እንዲሁ ሆነ።

አንድ ረፋድ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሁለት ሰዎች ገቡ፤ አንዱ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ፣ ሌላው የቀበሌው ሰው። የጠመንጃ ዘይት ሽታ ከዘይቱኑ ሽታ ጋር ሲቀላቀል ዛሬም ይሸተኛል። የቀበሌው ሰው የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጠራ።

«የት ነው?»

መምህሩን አየሁት። ‹አሁን ይነግራቸዋል፤ እኔን ይጠቁማል› አልኩ በልቤ።

«ዛሬ ቀሪ ነው፣ ጓድ» አለ።

«መቅረቱን አየሁ! የት ነው ያልኩህ?»

«እኔ አላውቅም።»

ሰውየው ወደ እኛ ዞረ። «እህቱ የትኛዋ ናት?» ማንም ሳይጠቁም ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ መልካችን አንድ ነው። ተነሣሁ።

«ወንድምሽ የት ነው?»

ወር ሙሉ ያልኩትን አፌ በራሱ አለው፤ በአማርኛ ብቻ። «ታሞ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል?» አለ። «ካንድ ማዕድ እየበላችሁ ሊሆን ይችላል ምንድነው? አሾፍሽብኝ?»

መምህሩ ያን ጊዜ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። ሰውየውን ሳይሆን እኛን እያየ፣ እንደ ማንኛውም ጠዋት፣

«ጥሩ» አለ። «ሌላ?»

ከዚያ ጣቶች ተንጣጡ።

«ጀልዴሳ ሊሆን ይችላል!»

«ደቻቱ ኳስ ላይ ሊሆን ይችላል!»

«ዘመድ ጋ... እኔ እንጃ፣ ሐረር ሊሆን ይችላል!»

«ጣቢያ ሻንጣ እያወረደ ሊሆን ይችላል!»

«አቦ፣ ከግመሎቹ ጋር ሊሆን ይችላል!» አለ የባለሱቁ ልጅ በመጨረሻ። የሳቀ የለም። ጠመንጃ ያነገተው ሰው ብቻ ፈገግታውን ለመደበቅ አፉን ጠረገ።

የቀበሌው ሰው መምህሩን ከእግሩ እስከ ተቆለፈው የሸሚዝ አንገቱ አየው።

«የምታስተምረው እንግሊዝኛ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ቀጥል» አለና ወጣ።

መምህሩ ጠመኔውን አነሣ። ወደ ሰሌዳው ዞሮ ብዙ ቆመ፤ የሸሚዙ ጀርባ በላብ ርሶ ተጣብቆበታል። ከሥሩ ምንም ሽጉጥ አልነበረም። አጥንቱ ነው የሚታየው።

ወንድሜን ከዚያ በኋላ አላገኙትም። ዛሬ ሳቢያን የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ድምፁ እስከ አስፋልቱ ይሰማል።

መምህሩ ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን አስተማረን። የባለሱቁ ልጅ እንኳ ኒም ዛፉ ሥር «ለዚህ ቀን ነው እንዴ ያሠለጠነን?» ሲል ማንም «አዎ» ብሎ አልመለሰለትም፤ መጠርጠር ልማድ ሆኖብን ነበር። ቀርቤ ልጠይቀው ብዙ ጊዜ አሰብኩ። ግን ምን ብዬ? ‹ከእነሱ ነህ ወይስ ከእኛ?› ተብሎ ሰው ይጠየቃል?

አንድ ሰኞ መምህሩ አልመጣም። ጠበቅን። ማክሰኞም ቀረ። ተዛወረ ያሉ አሉ። ተጠርቶ ሄደ ያሉ አሉ። የክፍል አለቃችን «ድሮም የእነሱ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ይሆናል» አለች፤ እሷም ግን ስትናገር ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሊቀመንበሩ ሚስት የኪራይ ክፍሉን ፍራሽ አጥሩ ላይ ዘርግታ ፀሐይ ስታስመታ አየሁ።

ረቡዕ ጠዋት መምህር በሌለበት ክፍል ተቀምጠናል። የክፍል አለቃችን ሳንነግራት ተነሥታ ስም ጠራች። ከወንድሜ በቀር ሁላችንም ነበርን። ጨረሰችና የስም ዝርዝሩን አጠፈች። ከዚያ፣ ስለ መምህሩ ማንም ሳይጠይቅ፣ ከጎኔ ጣት ተንጣጣ።

«ሂ ሜይ ቢ ዊዝ ዘ ካሜልስ» አለ የባለሱቁ ልጅ፣ ቀስ ብሎ።

ከኋላ አንዱ፣ ታሞ ሊሆን ይችላል አለ። ሌላው፣ መሀል አገር እናቱ ጋ። ሌላዋ፣ ባቡር ላይ። ቦታው እየተጠራ በየዴስኩ አልፎ እኔ ጋ ሲደርስ፣ የቀረ ቦታ አልነበረም። ሁርሶን ማንም አልጠራም፤ እስር ቤትንም። እኔም አልጠራሁም።

«ሂ ሜይ ካም» አልኩ፤ ሊመጣ ይችላል።

ሁላችንም ወደ ሰሌዳው አየን። «ጥሩ። ሌላ?» የሚለን አልነበረም።

ቅዳሜ እርስዎ አሉት፣ መምህርት። ለዚህ ነው ‹ሜይ አይ ጎ አውት› ብዬ የወጣሁት።