የአባቴ የመስታወት በር

ከዲላ እስከ ጨለለቅቱ የብረትና የመስታወት በርን እንደ እኔ የሚንቅ ሰው አልተፈጠረም። ይህን የምጽፈው ግን ባለፈው ሳምንት ባስገጠምኩት የመስታወት በሬ ፊት ተቀምጬ ነው፤ መስታወቱ የተጣበቀበት የስቱኮ ሽታ ገና አልለቀቀም።

በጃንሆይ ጊዜም ይኸው ሽታ ቤታችንን ሞልቶት ነበር። ቡና ነጋዴው አባቴ ደህናውን የእንጨት በር አስነቅሎ መስታወት አስገጠመ። ቤታችን የዳቦ ቤት መደርደሪያ መሰለ፤ ስንበላ መንገደኛው ሁሉ ጉርሻችንን ይቆጥር ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች እህቴን ለምትወደው መምህር ሊጠይቁ መጡ። የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን አለሁ አይልም፤ ወጉ ነው። አባቴም ከሶፋው ጀርባ ተጋድሞ እኔን ወደ በሩ ላከኝ። እህቴ ጓዳ ውስጥ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች።

«አባዬ የለም፤ ይርጋጨፌ ሄዷል» አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ በመስታወቱ አሻግረው ከሶፋው ጫፍ የወጡትን እግሮች አዩ።

«እግሩን ለእናንተ ትቶ ነው የሄደው? በል ልጄ፣ ሌላ ቀን እንመጣለን፤ አባትህ ሲኖር ሳይሆን መጋረጃ ሲኖረው።»

እየሳቁ ሄዱ። እህቴ «ከእንግዲህ አይመለሱም» ብላ አለቀሰች።

ትናንት የእድራችን ዳኛ ለለቅሶ ድንኳን ተከላ ሊጠሩኝ መጡ። ልጄን «የለም በላቸው» ብዬ ከሶፋው ጀርባ ተጋደምኩ። ዳኛው በመስታወቱ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እኔም ከተጋደምኩበት አወዛወዝኩላቸው።